የሄርበርት ሁቨር ፈተና

የታሪክ ፈተና ሲቃረብ እኛ ተማሪዎች ከሁሉ አብልጠን የምንወደው አጭር መልስ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለ ነበረችው አሜሪካ ስናጠና በየደብተራችን የሚገኘው ጽሑፍ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ይኸውም ከ1920 በኋላ ብልጽግና ሆነ፣ በ1929 የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፣ ፕሬዚዳንት ሁቨር እጁን አጣጥፎ ተመለከተ፣ ሩዝቬልት መጥቶ አገሩን አዳነ የሚል ነው። ይህን አራት መስመር ሸምድደን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እናልፋለን። ዳሩ ግን ከአራቱ መስመሮች ሦስተኛው እውነት አይደለም፤ አራተኛውም ቢሆን እውነቱ ግማሽ ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት ከልደቱ እስከ ሞቱ ባጭሩ ለመተረክ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄርበርት ሁቨር ኦገስት 10 ቀን 1874 አዮዋ በምትባለው የእርሻ አገር፣ ዌስት ብራንች በተባለች ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ። ቤተ ሰቡ ክዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነው። እነዚህ ሰዎች ጦርነትን የሚጠሉ፣ በጸሎታቸው ዝምታን የሚያዘወትሩ፣ ሰው ሁሉ ለፍቶ እንዲበላና የወደቀ ጎረቤቱን መለከት ሳያስነፋ እንዲያነሣ የሚያስተምሩ ናቸው። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ ተከተለች። ሦስቱ የሙት ልጆች በየዘመዱ ተከፋፈሉ። ሄርበርትም በ1885 በባቡር ተጭኖ ኦሬገን ወደሚኖረው ሐኪም አጎቱ ተላከ። እዚያም በአጎቱ የመሬት መሸጫ ቢሮ ተላላኪ ሆኖ እየሠራ ማታ ማታ ተማረ። በ1891 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሩን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። ራሱን በራሱ እያስተዳደረ ተምሮ በ1895 በጂኦሎጂ ተመረቀ።

ዲግሪ ይዞ የወጣው ይህ ወጣት መጀመሪያ ያገኘው ሥራ በካሊፎርንያ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ጋሪ መግፋት ነበረ። ሥራ አልናቀም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የሎንዶን ኩባንያ ቀጥሮ ወደ አውስትራልያ ላከው፤ ማዕድን መርምሮ ትርፍና ኪሳራውን በማወቅ ስሙ ተጠራ። በ1899 እንደ እርሱ በስታንፎርድ ጂኦሎጂ የተማረችውን ሉ ሄንሪን አግብቶ ወደ ቻይና ሄደ። በ1900 የቦክሰሮች ዓመፅ በተነሣ ጊዜ ባልና ሚስቱ ቲያንጂን ከተማ ውስጥ ተከበው ነበር። በኋላም ሁለቱ ተባብረው በ16ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ ትልቅ የማዕድን መጽሐፍ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ1912 አሳተሙ። አርባ ዓመት በሞላው ጊዜ ሁቨር ባለጸጋ ነበረ፤ ያውም ከማንም ሳይወርስ።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጀርመኖች ቤልጅግን ያዙ፤ እንግሊዞችም መርከብ እንዳያልፍ ባሕሩን ዘጉ። ከምግቧ የሚበዛውን ከውጭ ታስመጣ የነበረች አገር በሁለት ጠላቶች መካከል ተጣብቃ ረኀብ ላይ ወደቀች። ሁቨር ያን ጊዜ ሎንዶን ነበረ። የማዕድን ሥራውን ትቶ፣ ደመወዝ ሳይቀበል፣ ለቤልጅግ እርዳታ የሚያደርሰውን ኮሚሲዮን አቋቋመ። የራሱ ሰንደቅ ዓላማ ያላቸው መርከቦች አሠማራ፤ ከጀርመን ጄኔራሎችም ከእንግሊዝ ሚኒስትሮችም ጋር እየተከራከረ እህሉን አሳለፈ። በቤልጅግና በሰሜን ፈረንሳይ ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዚህ እህል ኖረ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። የኮሚሲዮኑ አብዛኛው ገንዘብ የመጣው ከበጎ አድራጊዎች ኪስ ሳይሆን ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና በኋላም ከአሜሪካ የመንግሥት ግምጃ ቤት ነበር። ወደዚህ ነገር እንመለሳለን።

አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሁቨርን የምግብ ጉዳይ ኃላፊ አደረገው። ሁቨር ራሽን አልደነገገም፤ የቤት እመቤቶች በፈቃዳቸው ሥጋና ስንዴ የማይበላባቸውን ቀኖች እንዲጠብቁ ለመነ፤ እነርሱም ሰሙት። ከጦርነቱ በኋላ የተሸነፈችውን የጀርመንን ሕፃናት ሳይቀር መገበ። ከ1921 እስከ 1923 በሩሲያ ታላቅ ረኀብ በሆነ ጊዜ የቦልሼቪኮችን መንግሥት አጥብቆ ቢጠላም፣ የተራበ ሰው ሃይማኖቱና ፖለቲካው አይጠየቅም ብሎ እህል ላከ፤ ሥራው በበረታበት ወራት በቀን ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይመገቡ ነበር። በ1920 ይህን ሰው ለፕሬዚዳንትነት ከተመኙት ዲሞክራቶች አንዱ ወጣቱ ፍራንክሊን ሩዝቬልት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሁቨር ግን ሪፐብሊካን መሆኑን አስታወቀ።

ከ1921 እስከ 1928 በሃርዲንግና በኩሊጅ ዘመን የንግድ ሚኒስትር ሆነ። የጡብና የብሎን መጠን በመላው አገር አንድ ዓይነት እንዲሆን አስደረገ፤ የራዲዮ ጣቢያዎችን ሥርዓት አስያዘ። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ከ600 ሺህ በላይ ሕዝብ ባፈናቀለ ጊዜ እርዳታውን የመራ እርሱ ነበር። ስሙ በየጋዜጣው ገነነ። ከዝናው በስተ ጀርባ ግን ግፍ ነበረ። ጥቁሮቹ ገባሮች በመጠለያው ሰፈር በታጠቁ ዘበኞች ተከበው፣ ባለ መሬቶቹ ጉልበታቸውን እንዳያጡ ሲባል ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ተከለከሉ። ሁቨር በጥቁሩ ምሁር በሮበርት ሞተን የሚመራ ቡድን ነገሩን እንዲመረምር አደረገ፤ የቀረበለትን ክስ ግን አደባባይ አላወጣውም። ለጥቁሮቹም ያሳያቸው የመሬት ተስፋ ሳይፈጸም ቀረ።

የዚያን ዘመን ብልጽግና በፈተና ስንጠየቅ ሁለቱን ገጽ ማሳየት አለብን። በ1920 ስምንት ሚሊዮን ያህል የነበረው የቤት መኪና በ1929 ሃያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ደረሰ። መኪናውም፣ ራዲዮኑም፣ የልብስ ማጠቢያውም በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ይገዛ ነበር። ገበሬው ግን ከጦርነቱ በኋላ የእህል ዋጋ ስለ ወደቀበት በዕዳ ላይ ነበረ። የፋብሪካው ምርት ከሠራተኛው ደመወዝ ይልቅ ፈጥኖ አደገ። አክሲዮን ገዢውም ብዙ ጊዜ ከዋጋው ጥቂቱን ብቻ ከኪሱ ከፍሎ የቀረውን ይበደር ነበር። ቤቱ ሲታይ ያምራል፤ መሠረቱ ግን ብድር ነው።

በ1928 ምርጫ ሁቨር የኒው ዮርኩን አል ስሚዝን በመራጮች ጉባኤ 444 ለ87 ድምፅ አሸነፈ። ማርች 4 ቀን 1929 ሥልጣን ያዘ፤ ስምንት ወር ሳይሞላው ኦክቶበር 24፣ ይልቁንም ኦክቶበር 29 ቀን ገበያው ፈረሰ። በዚያ ማክሰኞ ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን ተሸጠ።

እንግዲህ ሁቨር እጁን አጣጥፎ ነበርን? አልነበረም። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሜሎን የተበላሸው ሁሉ ወድቆ በራሱ ይጥራ የሚል ምክር እንደ ሰጠው ሁቨር ራሱ በኋላ ጽፏል፤ ምክሩን ግን አልተቀበለም። የኢንዱስትሪ ባለቤቶችን ወደ ዋሽንግተን ጠርቶ ደመወዝ እንዳይቀንሱ አስማማ። ለመንገድ፣ ለሕንጻና ለግድብ የሚወጣውን የመንግሥት ገንዘብ ጨመረ። በ1931 አገሮች የጦርነቱን ዕዳ ለአንድ ዓመት እንዳይከፍሉ አደረገ። በጃንዋሪ 1932 ለባንኮችና ለባቡር ኩባንያዎች የሚያበድር ትልቅ የመንግሥት ድርጅት አቆመ፤ ሩዝቬልትም በኋላ ይህንኑ ድርጅት አስፋፍቶ ሠራበት። ከእርሱ በፊት ከነበሩት ፕሬዚዳንቶች በእንዲህ ያለ ጊዜ ይህን ያህል የሠራ የለም።

ይሁን እንጂ ታላላቅ ስሕተቶች ሠርቷል። በጁን 1930 ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እየለመኑት በውጭ ዕቃ ላይ ከባድ ቀረጥ የሚጥለውን የስሙትና የሃውሊን ሕግ ፈረመ፤ ሌሎችም አገሮች ብድሩን መለሱ፤ የዓለም ንግድ ጠበበ። በ1932 የመንግሥቱን ሒሳብ ለማመዛዘን ሲል ሕዝቡ ገንዘብ ባጣበት ጊዜ ግብር ጨመረ። ከሁሉ የከፋው ግን እምነቱ ነው። የተራበውን መርዳት የጎረቤት፣ የበጎ አድራጎት ማኅበርና የየግዛቱ ሥራ ነው፤ ዋሽንግተን በቀጥታ ከረዳ ሕዝቡ ጠባቂ ይሆናል፣ ነፃነቱም ይጠፋል ብሎ ያምን ነበር። በ1930 ድርቅ በሆነ ጊዜ ለገበሬው ዘርና ለከብቱ መኖ የሚሆን ብድር ሲፈቅድ፣ ለገበሬው ለራሱ እህል መስጠትን ተቃወመ። ለበቅሎው ተገኝቶ ለሰው ልጅ ጠፋን? ብለው ብዙዎች አዘኑ። የጎረቤቱ ጎተራም፣ የማኅበሩም ካዝና ባዶ ሆኖ ነበር፤ የሚረዳው ራሱ ተረጂ ሆኗልና። የግዛቶቹን የእርዳታ ሥራ የሚደግፍ 300 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተፈቀደው በጁላይ 1932 ነበር፤ ያውም ዘግይቶ፣ ያውም ሳይበቃ።

ከ1930 እስከ 1933 ዘጠኝ ሺህ ያህል ባንኮች ተዘጉ፤ ያን ጊዜ የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ስለ አልነበረ የድኻው ቁጠባ አብሮ ጠፋ። በ1933 ከሠራተኛው ሕዝብ ከአራቱ አንዱ ሥራ አጥ ነበር። ቤት ያጡት በየከተማው ዳር ከሣጥንና ከቆርቆሮ ጎጆ ቀልሰው መንደሩን በሁቨር ስም ጠሩት። የመጋቢው ስም የረኀብ ስም ሆነ።

በ1932 በጋ በሺህ የሚቆጠሩ የጦር ሜዳ አርበኞች በ1945 እንዲከፈላቸው ቃል የተገባላቸው ጉርሻ ያን ጊዜውኑ እንዲሰጣቸው ለመጠየቅ ከነቤተ ሰባቸው ዋሽንግተን ገብተው ሰፈሩ። ሴኔቱ ጥያቄያቸውን ጣለው። ጁላይ 28 ቀን ከፖሊስ ጋር በተነሣ ጠብ ሁለት አርበኞች በጥይት ሞቱ፤ ሁቨርም ጦር ሠራዊት እንዲወጣ አዘዘ። ጄኔራል ማክአርተር ከታዘዘው አልፎ ወንዙን ተሻገረና የአርበኞቹን ሰፈር በፈረሰኛ፣ በታንክና በሚያስለቅስ ጢስ በተነ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ሁቨር ጄኔራሉን በአደባባይ አልወቀሰም፤ ጥፋቱን በራሱ ላይ ተሸከመ። በኖቬምበር ሩዝቬልት 472 ለ59 አሸነፈው።

በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በምርጫው ሩዝቬልት ሁቨርን ከወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ የመንግሥትን ገንዘብ ያለ ልክ አወጣ የሚል ነበር። ሩዝቬልት በማርች 1933 ባንኮችን ያዳነበትንም ሕግ ካዘጋጁት ብዙዎቹ የሁቨር የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ነበሩ። ሩዝቬልት ግን ሁቨር ያልደፈረውን ደፈረ፤ የተራበውን በመንግሥት እጅ አበላ፣ ሥራ አጡን በመንግሥት ደመወዝ አሠራ፣ በ1935 የሽማግሌዎችን ጡረታ በሕግ አቆመ። ቢሆንም ሥራ አጥነቱ ፈጽሞ የጠፋው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነው። አራተኛው መስመር ግማሽ እውነት ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

ሁቨር ከወደቀ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረ። የሩዝቬልትን ሥራ እስከ መጨረሻው ነቀፈ። በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የተሠራው ታላቅ ግድብ ስሙ ተፍቆበት በ1947 በሕግ ተመለሰለት። በ1946 ፕሬዚዳንት ትሩማን ከተረሳበት ጠርቶ የዓለምን ረኀብ እንዲመረምር ላከው፤ ሰባ አንድ ዓመት የሆነው ሽማግሌም 38 አገሮችን ዞረ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት የመጀመሪያ ሹም በቤልጅግ ሥራ ከእርሱ ጋር የነበረው ሞሪስ ፔት ነው። ሁቨር ኦክቶበር 20 ቀን 1964 በዘጠና ዓመቱ ኒው ዮርክ ላይ ሞተ፤ በተወለደባትም መንደር ተቀበረ።

እንግዲህ ለፈተናው መልስ ምን እንጽፍ? ሁቨር ጨካኝ ነበር ብንል የቤልጅግና የሩሲያ ሕዝብ ይመሰክሩብናል። ሰነፍ ነበር ብንል ሥራው ይከሰናል። ምንም ጥፋት የለበትም ብንል ደግሞ በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ የከረሙት ይከሱናል። እኛ የምንለው ይህ ነው። ሁቨር በውጭ አገር ሚሊዮኖችን ያዳነው ቸርነትን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ጋር አጣምሮ ነው፤ በገዛ አገሩ ግን ቸርነት ብቻውን ይበቃል ብሎ ግምጃ ቤቱን ቆለፈ። ያደረገውን ረስቶ የሚያምንበትን ብቻ አስታወሰ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ራሱን በራሱ ያነሣ ሰው በመሆኑ፣ ሌላው ሰው ያለ ጥፋቱ ወድቆ መነሣት ሊያቅተው እንደሚችል መቀበል ከበደው።

ይህ አሳብ ለአሜሪካኖች ብቻ የሚሆን አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በራሳችን ጥረት እዚህ የደረስን ነን፤ ነገም በየቢሮው ተቀምጠን በሌላው ሰው እንጀራ ላይ የምንፈርም እንሆናለን። ያን ጊዜ የገዛ ጥረታችን የሌላውን ችግር እንዳናይ ዓይናችንን እንዳይጋርደው ከአሁኑ እንጠንቀቅ። ዕውቀትም፣ ንጹሕ እጅም፣ መልካም ልብም የነበረው ሰው ባመነበት ደንብ ታስሮ ሕዝቡ ሲራብ ዘግይቷልና።