የወፎቹ ዝምታ ያናገራት ሴት

የብርዱ ወራት አልፎ ዛፎች ሲያቆጠቁጡ፣ ነገር ግን ጎህ ሲቀድ አንድም ወፍ የማይሰማበት አገር ምን ይመስላል? ብዙዎቻችን እንዲህ ብለን ጠይቀን አናውቅም። የወፎችን ጫጫታ እንደ ፀሐይ መውጣት የማይቀር ነገር አድርገን ቆጥረነዋልና። ይህን ጥያቄ ለዓለም ያቀረበችው አሜሪካዊቷ የባህር ሕይወት ተመራማሪ ሬቸል ካርሰን ነበረች። ለመሆኑ ይህች ሴት ማን ነበረች?

ሬቸል እ.ኤ.አ. በ1907 በፔንሲልቫኒያ ስፕሪንግዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም። የነበረው ሃያ ስድስት ሄክታር ያህል መሬት ነው። እናቷ ማሪያ ልጃቸውን ጫካ ለጫካ እያዞሩ የወፉን፣ የነፍሳቱንና የአበባውን ስም ያስተምሯት ነበር። ኮሌጅ የገባችው ደራሲ ለመሆን ቢሆንም የባዮሎጂ ትምህርት ማረካትና መስኳን ለወጠች። በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ በሥነ እንስሳት የማስተርስ ዲግሪዋን ተቀበለች። ትምህርቷን መቀጠል ብትፈልግም ዘመኑ የከፋ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። በ1935 አባቷ ሲሞቱ የቤተሰቡ ቀንበር በጫንቃዋ ላይ ወደቀ። በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ቀን እየሠራች፣ ማታ ማታ ትጽፍ ነበር።

በ1951 ስለ ባህር የጻፈችው መጽሐፍ ለ86 ሳምንታት ብዙ ከተሸጡ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ቆየ። በገቢው ሥራዋን ለቅቃ በሜይን ግዛት በባህር ዳር ቤት ሠራች። ውኃው ወደ ኋላ ሲሸሽ አጉሊ መነጽሯን ይዛ በድንጋዮቹ መካከል ያሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ትመረምር ነበር። ለምርምር ወደ ቤቷ የወሰደቻቸውን መልሳ ካገኘችበት ስፍራ ታኖራቸው ነበር።

ታዲያ ይህች ጸጥታ ወዳድ ሴት ከኃያላን ኩባንያዎች ጋር ምን አጋጫት? ዲዲቲ የተባለው መድኃኒት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብዙ ሰዎችን ከተስቦና ከወባ አድኗል። ከጦርነቱ በኋላ ግን በአውሮፕላን በእርሻና በከተማ ላይ ያለ ገደብ ይረጭ ጀመር። በ1958 አንዲት የማሳቹሴትስ ወዳጇ ለወባ ትንኝ በተረጨው ዲዲቲ በግቢዋ ወፎች እንደሞቱ ጻፈችላት። ካርሰን ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ማስረጃ ስታሰባስብ ቆየች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዲዲቲ በቀላሉ አይበሰብስም፣ በእንስሳት ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። በሚቺጋን የተረጩት ዛፎች ቅጠላቸው ረገፈ፣ ቅጠሉን የምድር ትል በላው፣ ትሉን የበሉት ወፎች ደግሞ እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። ወፎቹን ማንም ሊገድል አላሰበም ነበር።

መጽሐፉ በ1962 ታትሞ ሲወጣ የስድብ ናዳ ወረደባት። ኩባንያዎች ዛቱባት። ባል የሌላት ሴት ስለ መጪው ትውልድ ምን አገባት ያሏትም ነበሩ። ሰዎቹ ያላወቁት ነገር የጡት ካንሰር ይዟት የነበረ መሆኑን ነው። ስለ ኬሚካል የጻፈችው በግል ሕመሟ ተነሳስታ ነው እንዳይሏት ምስጢሯን ደበቀች። እናቱ የሞተችበትን የእህቷን ልጅ ልጅም በዚያው ጊዜ ታሳድግ ነበር። በግንቦት 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪዎች ኮሚቴ ዋና ዋና ነጥቦቿን ደገፈ። በሚያዝያ 1964 በ56 ዓመቷ አረፈች። አሜሪካ ዲዲቲን ከእርሻ ያገደችው በ1972 ነው።

በወባ ለሞቱት ሰዎች ተጠያቂዋ እርሷ ናት የሚሉ ዛሬም አልጠፉም። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ኬሚካል ሁሉ ይታገድ አላለችም። ያለ ልክ መርጨት መድኃኒቱን የሚቋቋም ተባይ ያፈራል ብላ ግን አስጠንቅቃለች። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን ለወባ መከላከያ እንዲያገለግል ፈቅዷል። በእኛም አገር ለብዙ ዓመታት ዲዲቲ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሮ፣ ትንኟ ስለተላመደችው በሌላ መድኃኒት መተካት ግድ ሆኗል።

ውድ አንባቢያን! ወፎቹ ዝም ሲሉ ካርሰን የሰማችው ድምፃቸውን ከልጅነቷ ጀምሮ ለይታ ስለምታውቅ ነበር። በየሙያችን የምናውቀውን ጉዳት እያየን ዝም የምንል የተማርን ሰዎች ስንቶቻችን ነን? ከልጆቻችንስ መካከል በደጃቸው የሚዘምረውን ወፍ ስሙን የሚያውቁ ስንቶቹ ናቸው? ማሪያ ካርሰን ገንዘብ አልነበራቸውም። ለልጃቸው ያወረሷት ያንን የጫካ ሽርሽር ነበር።