ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና የልባቸው መጽሐፍ

በሮቤና በጎባ፥ በጠቅላላውም በባሌ ደጋ የኖረ ሰው ሲንቄ የሚባለውን ዘንግ ያውቃል። በአርሲ ኦሮሞ ልማድ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው የክብር ምልክት ነው። ባል ሚስቱን ቢበድል፥ ይልቁንም በአራስነቷ ቢደበድባት፥ የሠፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደለኛውንም በዜማ እየወቀሱ ካሣ እንዲከፍል ያስገድዱታል። እንግዲህ የሴት ቃል አደባባይ ወጥቶ ፍርድ መጠየቁ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ይኸው ቃል በማተሚያ ቤት ታትሞ፥ የሴት ስም ተጽፎበት መታየቱ ግን እጅግ ዘግይቷል። በዚህ ረገድ ከቀደሙት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በኢየሩሳሌምና በስዊስ የተማሩ፥ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞችም አንዱ ነበሩ። ብዙ ሰው ወንድ ልጁን እንኳ ለዘመናዊ ትምህርት ለመስጠት በሚያመነታበት ጊዜ፥ እኒህ አባት ሴት ልጆቻቸውን ባሕር ማዶ ላኩ። ስንዱም በስዊስ ትምህርታቸውን ተከታትለው ከወረራው በፊት ተመለሱ።

ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ወይዘሮ ስንዱ በጎሬ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋራ ተሰልፈው ቁስለኛ በመርዳት ሥራ አገለገሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከተጋዙት ኢትዮጵያውያን ጋራ በሰርዴኛ አጠገብ ባለችው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። በእኔ አስተያየት የሕይወታቸው ዋናው ምዕራፍ ይህ ነው። በከተማው መድረክ የሴቱን ክፍል ወንድ ቀሚስ ለብሶ በሚጫወትበት ዘመን፥ እርሳቸው ለልጃገረዶች ቴአትር እየጻፉ በሰው ፊት እንዲናገሩ አደረጉ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንድትናገር የተመከረች ልጅ ስለ አገርና ስለ ነጻነት ጮኻ ስትናገር፥ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

በ1942 ዓ.ም. ግጥምና ቴአትር የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» ታተመ። አርእስቱን ብቻ ያየ የፍቅር ዘፈን ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ያ ልብ ወረራን ያየ ልብ ነው። እኔ ራሴ ስለ መጽሐፉ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከጨረስሁ በኋላ መሆኑን ስናገር አፍራለሁ። የደራሲዋ ስም በተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ይነሣል፤ እርሱም ስለ ፓርላማው ነው እንጂ ስለ ድርሰቱ አይደለም።

ወደ ፓርላማው እንምጣ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቀደ። ይሁን እንጂ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሁሉ በሕግ የተወሰነ ዋጋ ያለው ንብረት እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። በራሷ ስም ይህን ያህል ንብረት የነበራት ሴት ስንት ነበረች? በሩ ቢከፈትም መግቢያው ጠባብ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ በ1950 ዓ.ም. በዚያ በር ገብተው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ፤ ኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

እርሳቸው እንደራሴ በነበሩበት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። በዚህም ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ተባለ፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ተደነገገ። ቁጥር 635 ነው፤ ሕግ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት ሴት በምክር ቤቱ ወንበር መቀመጧ ይህን አላስቀረውም። በወይዘሮ ስንዱ መፍረድ ግን ቀላል አይመስለኝም፤ በዙሪያቸው የነበረው ጉባኤ የወንድ ጉባኤ ነበረና።

ኋላም በጀርመን አገር በኤምባሲ ሠሩ። ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1992 ዓ.ም. አዲሱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ያን ድንጋጌ ሲሽር በሕይወት ነበሩ።