ሮበርት ቺዝማን

ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን (1878–1962 እ.ኤ.አ.) መቀመጫቸውን ዳንግላ አድርገው የጣና ሐይቅንና የዓባይን ሸለቆ በካርታና በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የመዘገቡ እንግሊዛዊ ቆንስል፣ አሳሽና የአእዋፍ አጥኚ ነበሩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቺዝማን ኬንት ውስጥ ተወልደው በዋይ የእርሻ ኮሌጅ ተማሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢራቅ የሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ሆነው ሠሩ።

ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል በመሆን ዛሬ በአዊ ዞን በምትገኘው ዳንግላ ኖሩ። በዚያን ጊዜ ብሪታኒያ የጣናን ውኃ ገድባ ለመስኖ ማዋል ትፈልግ ስለነበር ስለ አካባቢው የሚሰበሰበው መረጃ ፖለቲካዊ ክብደት ነበረው።

በአውሮፓውያን ካርታዎች የዓባይ መሄጃ በከፊል በግምት የተሰመረ ነበር። ቺዝማን የሸለቆውን አፋፍ በበቅሎ እየተከተሉ፣ በየቦታው ወደ ወንዙ እየወረዱ እስከ ሱዳን ድንበር ቀየሱት። የጣናን ደሴቶችና ገዳማትም ጎበኙ። ባለቀለም ፊልም ገና በገበያ ስላልተስፋፋ በጉዞው ያነሷቸው ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ናቸው።

ፎቶግራፎቹን የያዘው መጽሐፋቸው በ1936 ታተመ። በዚያው ዓመት የብሪታኒያ ንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር ሜዳሊያ ሸለማቸው፤ ጣሊያንም አዲስ አበባን ያዘች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ ጉዳይ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በጉዞ ያካበቱት የጎጃም ዕውቀትም በ1941 ዳንግላና እንጅባራ ነፃ ለወጡበት ዘመቻ አገልግሏል።