ሰማዕቱ ዮስጢኖስና የእሑዱ ጉባኤ

ቅዱስ ዮስጢኖስ የተወለደው በሁለተኛው መቶ ዓመት መባቻ ገደማ በሰማርያ ምድር፣ ዛሬ ናብሉስ በምትባለው ከተማ ነው። ወላጆቹ ክርስቲያኖች አልነበሩም። እውነትን ሲሻ ከአንዱ ፈላስፋ ወደ ሌላው ሲዞር ቆይቶ በክርስቶስ አመነ፤ የፈላስፋ ካባውንም ሳያወልቅ ሮም ገብቶ ማስተማር ጀመረ።

በዚያን ዘመን ክርስቲያኖች ተሸሽገው የሰው ሥጋ ይበላሉ የሚል ክፉ ወሬ ይናፈስባቸው ነበር። ዮስጢኖስ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ155 ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንጦኒኖስ ፒዩስ በጻፈው መከላከያ የጉባኤውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። የከተማውም የገጠሩም ሰው እሑድ በአንድነት ይሰበሰባል፤ የሐዋርያትና የነቢያት መጻሕፍት ጊዜ እስከ ፈቀደ ድረስ ይነበባሉ፤ ጉባኤውን የሚመራው ይመክራል፤ ሁሉም ተነሥቶ ይጸልያል፤ ኅብስትና ውኃ የተቀላቀለበት ወይን ይቀርባል፤ ሕዝቡም አሜን ይላል። ለምን በእሑድ ቢሉ፣ እግዚአብሔር ዓለምን መፍጠር የጀመረበት፣ ጌታም ከሙታን የተነሣበት ቀን ስለሆነ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። መምጣት ላልቻሉት ዲያቆናቱ ድርሻቸውን ይወስዱላቸዋል። ያለው በፈቃዱ የሚሰጠው ገንዘብም ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል። አልጋ የያዘውም ሰው ከማኅበሩ አልጎደለም ማለት ነው።

በ165 ገደማ ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር ተይዞ ቀረበ። የከተማይቱ ሹም ሩስቲኮስ የት እንደሚሰበሰቡ ጠየቀው። ዮስጢኖስም እግዚአብሔር በቦታ እንደማይወሰን፣ እርሱ ራሱ ግን ከአንድ መታጠቢያ ቤት በላይ እንደሚኖርና ወደዚያ የመጣውን ሁሉ እንደሚያስተምር ነገረው። ሰባቱም ለጣዖት አንሠዋም ስላሉ ተገርፈው አንገታቸው ተቆረጠ።