ካርታውን የተወው የካርታ ንጉሥ

ባለፈው ዓመት ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ የማመሸው በካርታ ምክንያት ነበር። ቁማር እንዳይመስላችሁ! የካርታ ምትሀት ነው። አንድ ጎረምሳ በአጭር ቪዲዮ ላይ ካርታዋን ከሌሎቹ መሀል ይከታል፣ ጣቱን ያጮሃል፣ ካርታዋ ከላይ ቁጭ ብላ ትገኛለች። ቪዲዮውን አቆማለሁ፣ ወደኋላ እመልሳለሁ፣ ፍጥነቱን እቀንሳለሁ። ከዚያ መስታወት ፊት ቆሜ እኔም እሞክራለሁ። እናቴ አልጋዬን ስታነጥፍ ትራሴ ሥር ካርታውን አግኝታ፣ ልጇ ቁማርተኛ የሆነባት መስሏት ሁለት ቀን አኩርፋኛለች።

ስድስት ወር ከተለማመድኩ በኋላ በፋሲካ፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ ልታይ ልታይ አለኝና ተነሳሁ። እጄ በላብ ተጠመቀ። ካርታው አምልጦኝ ቄጤማው ላይ ተበተነ። መዳፌ ውስጥ ደብቄያት የነበረችውንም ካርታ ትንሹ የአክስቴ ልጅ አንስቶ ለሁሉም አሳየ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሀፍረቴን ለመሸፈን ብዬ ካርታዋ ለምን ከእኔ እንደኮበለለች አንድ ረጅም ወሬ ፈጠርኩ፤ ይሄኔ ደግሞ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ማታ ላይ ታናሽ እህቴ ካርታውን ትቼ ወሬውን ብይዝ እንደሚያዋጣኝ ነገረችኝ። ምን ልበላችሁ፣ ከካርታው መበተን ይልቅ ያመመኝ የእሷ ምክር ነው።

መጽናኛ ፍለጋ ወደ ትልቁ ሰው ሄድኩ፤ ወደ ሃሪ ሁዲኒ። ስሙን የሰማ ሁሉ የሚያውቀው ከካቴና፣ ከሰንሰለትና ከተቆለፈ ሣጥን በማምለጡ ነው። ሰውየው ስም ለማግኘት መጀመሪያ የሞከረው ግን እንደ እኔ በካርታ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1874 ሃንጋሪ ውስጥ ቡዳፔስት ሲወለድ ስሙ ኤሪክ ቫይስ ነበር። አባቱ የአይሁድ ረቢ ናቸው። ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ አባትየው ዊስኮንሲን ውስጥ አፕልተን በምትባል ከተማ ሥራ አገኙ። ግን ሥራው አልዘለቀም። ድህነት ቤታቸውን ወረረው። ኤሪክ ገና በልጅነቱ ሊስትሮ ሆነ፣ ጋዜጣም አዞረ። በኋላ ኒውዮርክ ሲገቡ የከረባት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ሆኖ ተቀጠረ።

እዚያ እያለ ነው የአንድ ፈረንሳዊ ምትሀተኛ የሕይወት ታሪክ እጁ የገባው። የባለታሪኩ ስም ሮቤር ሁዳን ይባላል። ልጁ መጽሐፉን አንብቦ አበደ ማለት ይቀላል። አንድ የሥራ ባልደረባው ስም ላይ የ«ኢ» ድምፅ ሲጨመር በፈረንሳይኛ እንደዚያ ሰው መሆን ማለት ነው ብሎ አሳመነው። ትርጉሙ ስህተት ነበር፤ ስሙ ግን ሁዲኒ ሆኖ ቀረ። በ1891 ከፋብሪካው ወጣ። በቀጣዩ ዓመት አባቱ ሞቱና ደሀዋን እናቱን የመርዳት ነገር ከባድ ሸክም ሆነበት።

ያኔ ራሱን ያስተዋወቀው የካርታ ንጉሥ ነኝ ብሎ ነው። ንግሥናው ግን ዳቦ አልሆነውም። የሚሠራው በአሥር ሳንቲም በሚገባባቸው ርካሽ የትርዒት አዳራሾች፣ በቀን ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ እየወጣ ነበር። በ1894 ቤስ የምትባል ወጣት አገባና አብራው መድረክ ላይ መውጣት ጀመረች። ሰርከስ ውስጥ ገብተው ከከተማ ከተማ ዞሩ። በ1898 ገደማ ተስፋ ቆርጦ የሙያውን ምስጢሮች በዝርዝር አሳትሞ ለሽያጭ አቀረበ። ሰው ለዓመታት የለፋበትን ምስጢር ለገበያ ሲያወጣ ምን ያህል እንደመረረው አስቡት።

ነገሩን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሁዲኒ በልምምድ የሚታማ ሰው አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። የካርታ ምትሀት ስስ ነገር ነው፤ እጅ ምንም ያልሠራ መምሰል አለበት። ሁዲኒ ደግሞ ሲፈጥረው የሚታገል፣ የሚፎክር፣ ተመልካቹን በጭንቀት የሚይዝ ሰው ነበር። ከሩቅ ወንበር የተቀመጠ ሰው ትንሿን ካርታ በደንብ አያያትም፤ በካቴና የታሰረ ሰው ሲታገል ግን ከየትኛውም ወንበር ይታያል።

ይህን ያየለት ሌላ ሰው ነው። በ1899 የቲያትር ቤቶች ኃላፊ የነበረው ማርቲን ቤክ ሴንት ፖል ከተማ ላይ ትርዒቱን ተመለከተ። ከዚያም ትናንሾቹን ምትሀቶች ትቶ በማምለጡ ላይ እንዲያተኩር መከረው፤ በሳምንት 60 ዶላርም አቀረበለት። ሁዲኒ ተቀበለ። የካርታ ንጉሥነቱን ይዞ ቢከራከር ኖሮ ዛሬ ስሙን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ ተሻገረ፤ ለንደንን አጥለቀለቃት። ከፖሊስ ካቴና፣ ከእስር ቤት ክፍል አመለጠ። በ1912 በርሊን ላይ እግሮቹ ታስረው፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ፣ ውኃ በሞላበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ገብቶ ወጣ። ዓለም የሚያስታውሰው ይሄንን ነው።

ታዲያ ካርታን ረሳው? አልረሳም። በ1922 ቺካጎ ላይ የሆነው ይመሰክራል። ያኔ ሁዲኒ የአሜሪካ ምትሀተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነው። አንድ ምትሀት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ካሳዩት ምስጢሩን እንደሚደርስበት ይፎክር ነበር። ዳይ ቨርነን የሚባል ካናዳዊ ወጣት አንዲት ካርታ አስመርጦ ፊርማ አስፈረመበት። ካርታዋን መሀል ከተታት፤ ከላይ ተገኘች። ደግሞ ከተታት፤ ደግሞ ከላይ። ከሦስት ጊዜ በላይ ደጋገመው፤ ሁዲኒ አልደረሰበትም። ቨርነን ሁዲኒን ያታለለው ሰው እየተባለ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራበት ኖረ። አዎ፣ እኔ ስልኬ ላይ ሌሊት ሌሊት የማፈጥበት ምትሀት ያው እሱ ነው። የካቴናው ጌታ በካርታ ሲሸነፍ ማንበብ፣ አልዋሻችሁም፣ ቁስሌን አሻረልኝ።

ሁዲኒን ይበልጥ የወደድኩት ግን በሌላ ነገር ነው። በ1913 እናቱ ሞቱ። በጣም ይወዳቸው ስለነበር ሐዘኑ አልወጣለትም። በዚያ ዘመን የሙታንን መንፈስ ጠርተን እናነጋግራለን የሚሉ ሰዎች ሐዘንተኛውን እያለቀሰ ገንዘቡን ይቀበሉት ነበር። ጠረጴዛ ሲንቀሳቀስ፣ ደወል በጨለማ ሲጮህ፣ ሁዲኒ እጃቸውን ያያል። የእሱው ሙያ ነዋ! በመጨረሻዎቹ ዓመታት እየዞረ አጋለጣቸው፤ በ1926 አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ተከራከረባቸው። ምትሀተኛ እንደሚያታልልህ አስቀድሞ ነግሮህ ነው የሚያታልልህ። መንገድ ዳር ሦስት ካርታ ዘርግቶ ቀይዋን አግኝ የሚልህም እጁ ፈጣን ነው፤ እሱ ግን ኪስህን ባዶ ያደርጋል። ለእናቴም በኋላ ያስረዳኋት በዚህ ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሞንትሪያል ላይ አንድ ተማሪ የሆዱን ጥንካሬ ለመሞከር ብሎ ደጋግሞ በቡጢ መታው። ሁዲኒ ሕመሙን ችሎ ወደ ዲትሮይት ተጓዘ፤ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው መድረክ ላይ ወጣ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ጥቅምት 31 ቀን በ52 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ወደ እኔ ልመለስ። የቤክን ምክር ሳነብ እህቴ ትዝ አለችኝ። የምንወደው ነገርና የምንችለው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰው ነው። ምክር ሁሉ እውነት አይደለም፣ ይገባኛል። ግን ያመመኝ ምክር ለምን እንዳመመኝ ሳልጠይቅ ማለፍ አልፈልግም። ይኸው ወሬውን ይዤ እናንተ ጋ መጣሁ፤ እህቴ እንዳትሰማ እንጂ ልክ ሳትሆን አልቀረችም።

ካርታውን አልጣልኩትም። ማታ ማታ እበውዘዋለሁ። ባለፈው እናቴ ቡና እያፈላች ሳለ አንዷን እንድትመርጥ ጠየቅኳት። መረጠች፣ ወደ ቦታዋ መለሰች፣ እኔ በወዝኩና በኩራት አወጣሁላት። የተሳሳተ ካርታ ነበር። ስቃ ስታበቃ ሲኒዋን አስቀመጠችና እንደገና እንድሞክር ካርታውን መልሳ ሰጠችኝ።