ዐፄ ቴዎድሮስ፤ ከጋፋት ምድጃ እስከ መቅደላ

የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በጀግንነታቸውና በአሟሟታቸው በኩል ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ንጉሠ ነገሥቱን በሙያችን ዓይን፣ ይኸውም መሣሪያ አሠርተው በሥራ ላይ ለማዋል እንደ ጣሩ ሰው ሊያያቸው ይሞክራል። አንድ የተሠራ ዕቃ የሚፈተነው በሠሪው እጅ ሳለ ነው ወይስ በሚያገለግልበት ስፍራ? ይህ ጥያቄ ዛሬ ለጥቃቅን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ፕሮግራም ለሚጽፍ ባለሙያ የዘወትር ጥያቄ ነው። በ1860 ዓ.ም. ግን የብዙ ሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ነበር።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው ገዳም ገብተው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ኋላም ሸፍተው በቆላው አገር ተከታይ አፈሩ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ጠላት ከምሽግ ውስጥ ሆኖ መድፍ ስለ ተኮሰ፣ የካሣ ሠራዊት ድፍረት ሳይጎድለው ብዙ ሰው አልቆበት ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ መድፍና ሥርዓት ያለው ሠራዊት ከሐሳባቸው አልወጡም።

ድል ግን ፊቷን አላዞረችባቸውም። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው፣ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀበሉ። የዘመነ መሳፍንት መጋረጃ የተቀደደው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፍላጎቶች አብረዋቸው ኖሩ፤ አንደኛው የአገር አንድነት፣ ሁለተኛው የውጭው ዓለም ጥበብ። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር፣ ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ። ጥበቡን ከውጭ ማግኘት ባይቻል በአገር ውስጥ ይሠራ ብለው ለቆረጡት ሐሳብ ዋናው ስፍራ ከደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ሆነ። በዚያ የሰፈሩት እነ ዋልድማየር ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የተላኩ ሚስዮናውያን ሲሆኑ፣ ሞሪትዝ ሃልን የመሰሉ ሌሎች የእጅ ባለሙያዎችም ነበሩ። ሚስዮናውያኑ ለወንጌል እንጂ ለመድፍ ሥራ እንዳልመጡ ቢገልጹም ትእዛዙ አልተነሣም። የመጀመሪያው ማቅለጥ ከሸፈ፤ ምድጃው ተሻሽሎ ደጋግሞ ከተሞከረ በኋላ ግን መድፍ ተገኘ። ከትንሽ ተነሥቶ ወደ ትልቅ የሄደው ይህ ሥራ በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ወለደ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ግዛታቸው በዐመፅ ተጨራምቶ ነበርና ያለፉበት አገር ሁሉ ወዳጅ አልነበረም። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን ጎተቱ፤ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ገደሉ እየተናደ መንገድ ተጠረገ፤ ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስም ድንጋይ አነሡ። ስድስት ወር ያህል የፈጀው ጉዞ በመጋቢት ሲፈጸም፣ መድፉ መቅለጡም መጓዙም የተረጋገጠ ነገር ሆነ።

የቀረው ፈተና ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከቀትር በኋላ መጣ። መድፎቹ ከፋህላ አናት ሆነው ቁልቁል ወደ አሮጌ ሜዳ ተኮሱ። አብዛኛው ጥይት በጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ራስ ላይ አልፎ ሄደ፤ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱም በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ቁልቁል የማነጣጠር ልክ፣ የባሩዱ መጠን፣ የተኳሹ ልምድ፣ የዕለቱ ዝናብ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ተገናኙ። ከገደሉ የወረዱት ወታደሮች ከኋላ በሚጎርስ አዲስ ጠመንጃና በሮኬት ፊት ወደቁ፤ የሞቱት ከ700 እንደማያንሱ ይገመታል። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ላለመስጠት በሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

መድፉ ብቻ መንግሥቱን ጣለው ማለት አይደለም፤ ያኔ ከጎናቸው የቀረው ሕዝብ ጥቂት ነበር። ሆኖም ከምድጃ በደህና የወጣ ዕቃ ሁሉ በሜዳው እንደታሰበው እንደማይሠራ አሮጌ ያስተምራል።

ወደ ራሳችን ሥራ ስንመለስ፣ በሲኤምሲ ካሉት መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የካርድ መብራት ቆጣሪ እናስብ። ቀሪውን ሒሳብ የሚያሰላው የፕሮግራሙ ክፍል በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ሺህ ጊዜ ተፈትኖ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ሙሉ ቁጥርን በ32 ቢት ሲይዝ ማይክሮኮንትሮለሩ በ16 ቢት የሚይዝ እንደሆነ፣ ከ32,767 ያለፈው ሒሳብ ከዜሮ በታች ሊገለበጥ ይችላል። ቆጣሪው ሒሳቡን በመመዝገብ ላይ ሳለ መብራት ቢቋረጥም፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ቁጥር በማኅደሩ ሊቀር ይችላል። በጠረጴዛው ላይ ያልታየው ጉድለት የሚገለጠው የቤቱ ባለቤት ገንዘብ ከፍሎ በጨለማ ሲቀመጥ ነው።

ስለዚህ የፕሮግራሙን ክፍሎች አንድ በአንድ የሚመረምሩት ፈተናዎች በኮምፒውተሩ ላይ ካለፉ በኋላ፣ በመሣሪያው ቦርድ ላይ ተጭነው እንደገና ሊሠሩ ይገባል። የመሣሪያው ማኅደር ጠባብ በመሆኑ ፈተናዎቹ በቡድን ተከፍለው ይጫናሉ፤ ውጤታቸውም በሲሪያል መስመር ወደ ኮምፒውተሩ ይላካል፤ መሣሪያው ደርቆ ቢቀር ዎችዶግ የሚባለው ሰዓት ቆጣሪ እንደገና ያስነሣዋል። አሠራሩ ዝግተኛ ነው፤ ፍላሽ ሚሞሪም በተደጋጋሚ ሲጻፍበት ያረጃል። በዚህም ምክንያት ንጹሕ ስሌትን በኮምፒውተር ላይ መፈተን ተገቢ ሲሆን፣ ሰዓትን፣ ማኅደርን፣ የኤሌክትሪክ ኃይልንና ከውጭ የሚመጣ ምልክትን የሚነካ ሁሉ ግን ከመሣሪያው ላይ ፈተና ማምለጥ የለበትም።

በኮምፒውተር ላይ የሚደረገው ፈተና እንደ ጋፋት ምድጃ ነው፤ ያለ እርሱ ምንም አይወለድም። የማኅበራችን አባላት ከዐፄ ቴዎድሮስ ድካም ልንወርስ የሚገባን፣ ሥራው ከምድጃው ደጃፍ ላይ እንደማያበቃ ማወቅን ነው። እርሳቸው ሁለተኛ ዕድል አላገኙም፤ እኛ ግን መሣሪያው ከእጃችን ወጥቶ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ጊዜ አለን።