ኤልኖር ራትቦን፦ ካርታ ከሌለው የምርጫ ክልል የመጣች እንደራሴ

የጣሊያን ወረራ ዘመን ሲነሳ ከእንግሊዝ ወዳጆቻችን መካከል ሁላችንም ቶሎ የምንጠራው ሲልቪያ ፓንክረስትን ነው። ይገባታልም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ሌላ ሴት ናት። ኤልኖር ራትቦን ስለ ኢትዮጵያ የተከራከረችው እዚያው ፓርላማ ውስጥ፣ በእንደራሴነት ወንበሯ ላይ ሆና ነበር። ታዲያ ወደ ፓርላማው የገባችበት በር ዛሬ የለም፤ የምርጫ ክልሏ በሕግ ተሰርዟል። ፖለቲካ ሳይንስ ለምንማር ሰዎች ደሞ ይሄ በር ከሕይወት ታሪኳ ባልተናነሰ የሚያከራክር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኤልኖር በ1872 ለንደን ውስጥ ተወለደች። ቤተሰቧ ግን የሊቨርፑል ሰው ነው፤ በመርከብና በንግድ የከበረ፣ የባሪያ ንግድን በመቃወምም ስም ያለው። አባቷ ዊሊያም ራትቦን የፓርላማ አባል ሲሆን፣ ድሃ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚያስታምሙ ነርሶች እንዲኖሩ ያደረገ ሰው ነው። እሷ በ1893 ኦክስፎርድ ሶመርቪል ኮሌጅ ገብታ ትምህርቷን ጨረሰች። ይሁን እንጂ ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 ስለሆነ ያኔ ባዶ እጇን ነው የወጣችው። በኋላ የተመራቂዎች እንደራሴ መሆኗን ስናስብ ነገሩ ያስገርማል።

ወደ ሊቨርፑል ተመልሳ የወደብ ቀን ሠራተኞችን ኑሮ አጠናች። በ1909 በግል ተወዳድራ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለዘማች ሚስቶች የሚከፈለውን ገንዘብ በማከፋፈል ሥራ ላይ ነበረች። እዚያ ላይ አንድ ነገር አስተዋለች፦ ገንዘቡ በቀጥታ እናቲቱ እጅ ሲገባ የልጆቹ ኑሮ ይለወጣል። በ1924 ያሳተመችው መጽሐፍም ሆነ የቀረው የፖለቲካ ዕድሜዋ በአብዛኛው ከዚህች ሐሳብ የወጣ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በ1922 በሊቨርፑል ኢስት ቶክስቴዝ በግል ለፓርላማ ተወዳድራ ተሸነፈች። መቼም ፓርቲ የሌለው ሰው፣ ያውም ሴት፣ በዚያን ዘመን በተራ የምርጫ ክልል ማሸነፍ ከባድ ነው። በ1929 ግን የእንግሊዝ ጥምር ዩኒቨርሲቲዎች በሚባለው የምርጫ ክልል ቀርባ አሸነፈች።

ይህ ክልል በ1918 የምርጫ ሕግ የተፈጠረ ነው። መሬት የለውም፣ ወሰን የለውም፣ ካርታ ላይ አታገኙትም። መራጮቹ የበርሚንግሃም፣ የብሪስቶል፣ የደርሃም፣ የሊድስ፣ የሊቨርፑል፣ የማንቸስተርና የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን ናቸው፤ በኋላ ሬዲንግ ተጨምሯል። የትም ይኑሩ የት ድምፃቸውን በፖስታ ይልካሉ፤ ዕጩዎቹንም በምርጫቸው ቅደም ተከተል አንድ፣ ሁለት እያሉ ይጽፋሉ። ሁለት እንደራሴ ይወጣል። ዋናው ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈርም ይመርጡ ነበር። አንድ ዶክተር ሁለት ድምፅ፣ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ አንድ ድምፅ ማለት ነው።

ከእሷ በፊት ከተመረጡት መካከል የታሪክ ምሁሩና የትምህርት ሚኒስትሩ ኸርበርት ፊሸር፣ እንዲሁም ተራራ ወጪና የሥነ ጥበብ ሊቅ የነበረው ማርቲን ኮንዌይ ይገኙበታል። ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ደግሞ በሕንድ ቅኝ አስተዳደር ያገለገለው ሬጂናልድ ክራዶክ፣ እሱ በ1937 ሲሞት ኤድመንድ ሃርቪ፣ በ1945 ኬኔዝ ሊንድሴ ተቀምጠዋል። ኤልኖር ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አልተነሳችም።

ምክር ቤት እንደገባች ካነሳቻቸው ጉዳዮች አንዱ በኬንያ የሚፈጸመው የሴት ልጅ ግርዛት ነበር፤ በ1929 ማለት ነው! ጣሊያን በ1935 አገራችንን ስትወር በፋሺስቱ መንግሥት ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲጠብቅ ወተወተች። ኢትዮጵያን ቆራርሶ ለሙሶሎኒ ሊሰጥ የነበረውን የሆርና የላቫል ዕቅድ፣ በኋላም በ1938 ብሪታንያ ለወረራው ዕውቅና የሰጠችበትን ስምምነት ተቃወመች። የፓርቲ አለቃ ስለሌላት ዝም በይ የሚላት አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜም ከናዚ የሸሹ ስደተኞችን ጉዳይ እያነሳች ሚኒስትሮቹን እረፍት ነሳቻቸው፤ ስትመጣ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር ይባላል።

የዕድሜ ልክ ሥራዋ በ1945 ፍሬ አፈራ። መንግሥት የቤተሰብ ድጎማ ሕግ ረቂቅ አቀረበ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለአባትየው እንዲከፈል ይላል። ሃያ ምናምን ዓመት የታገለችለትን ሕግ እንዲህ ሆኖ ከቀረበ ራሷ እንደምትቃወመው አስታወቀች። እኔ ይህን ቦታ ሳነብ ቆም ብዬ አስቤአለሁ፤ ያገኙትን ይዞ ዝም ማለት እኮ ይቻል ነበር። ምክር ቤቱ ሐሳቡን ቀየረ፤ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ለሚወለድ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 5 ሽልንግ ለእናቲቱ እንዲከፈል ሆነ። ክፍያው የተጀመረው በነሐሴ 1946 ነው። እሷ ግን በጥር 2 ቀን 1946 ሞታለች።

በቦታዋ ለመተካት ወዳጇ ሜሪ ስቶክስ በግል ተወዳድራ ነበር፤ በወግ አጥባቂው ሄንሪ ስትራውስ ተሸነፈች። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሌበር መንግሥት በ1948 ሕግ አሥራ ሁለቱንም የዩኒቨርሲቲ መቀመጫዎች ሰረዘ፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ በማለት።

እኔ ያኔ ፓርላማ ብሆን ኖሮ እንዲሰረዝ ድምፅ እሰጥ ነበር። ዲግሪ መያዝ ሁለተኛ ድምፅ ሊያስገኝ አይገባም። ሆኖም ኢስት ቶክስቴዝ ያልፈለጋትን ሴት ወደ ምክር ቤቱ ያስገባት ይኸው ፍትሕ የጎደለው በር ነው፤ ለአገራችንም ለድሃ እናቶችም የተናገረችው በዚያ ገብታ ነው። ይህን ጥያቄ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስንት ጊዜ እንደተከራከርንበት አልቆጥረውም፤ አልተስማማንም።

ቸርችል መቀመጫዎቹን ፓርቲው እንደሚመልሳቸው ቃል ገብቶ ነበር። በ1951 ሥልጣን ያዘ፤ አልመለሳቸውም። ስትራውስም በ1950 ምርጫ ወደ ደቡብ ኖርዊች ሄዶ፣ ካርታ ባለው ክልል ተወዳድሮ ፓርላማ ገባ።